ከጅማ እስከ አምቦ ፍል ውኃ በሚታደርበት ሚኒባስ

እናቴን የጉልበት ሕመም ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗታል። ክረምት ሲገባ ይብስባታል፤ አምቦ ፍል ውኃ ሄዳ ሁለት ቀን እንኳ ብትታጠብ እንደሚሻላት ደጋግማ ትናገር ነበር። ነገር ግን ከጅማ መናኸሪያ በሌሊት አስነስቶ፣ ወሊሶ ላይ መኪና አስቀይሮ፣ ማታ ደግሞ የሆቴል ደረጃ ማስወጣት ለእርሷ የሚሆን አልነበረም። ጅማ ውስጥ አንድ ሰው የቶዮታ ሃይሩፍ ሚኒባሱን የኋላ ወንበሮች አስወጥቶ አልጋ፣ ምድጃና የውኃ ማጠራቀሚያ እንዳስገጠመለትና ከነሾፌሩ እንደሚያከራይ የሰማሁት በዚህ መሐል ነው። ለአራት ቀን ተከራየነው፤ እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቻችንን ይዤ በወሊሶና በወንጪ በኩል አምቦ ደርሰን ተመለስን። የአከራዩን ስም አልጠቅስም፤ ጉድለቶቹን በጽሑፍ ሰጥቼው ለማስተካከል ቃል ገብቶልኛልና። የምጽፈው ሌላ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ጉዞ ሲያስብ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ምን ምን ማየት እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር፤ የዚህ መኪና ቤትነቱ ግሩም ነው፣ መኪናነቱ ግን ለቤቱ የተሰጠውን ያህል ትኩረት አላገኘም።

የጅማ እንጨት ሠራተኛ ከአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሲፈለፍል ያየ ሰው፣ የዚህ መኪና የውስጥ ክፍል የየት አገር እጅ እንዳረፈበት ለማወቅ አይቸገርም። አልጋው አንድ ሜትር ከሠላሳ ስፋት አለው፤ ሥሩ በሙሉ መሳቢያ ነው። መሳቢያዎቹ በሚስማር ወይም በማጠፊያ ብረት ላይ የተመኩ አይደሉም፤ ከፍ አድርገው ካልሳቡዋቸው በስተቀር እንዳይከፈቱ የሚያደርግ የእንጨት ጥርስ አላቸው፤ ስለዚህ መኪናው ዳገት ሲወጣም ሆነ ሲታጠፍ ተንሸራተው አይወጡም። ከሁሉ በላይ እናቴን ያስደነቃት ግን የቡና ዕቃው ቦታ ነበር። ለእያንዳንዱ ሲኒ ለብቻው የተቦረቦረና በወፍራም ጨርቅ የተለበጠ ጎድጓዳ ማስቀመጫ አለው፤ ለጀበናዋም ሆዷን የሚይዝ ክብ ቦታና አንገቷን የሚያቅፍ ቅስት ተሠርቶላታል። ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ስንመለስ አንድም ሲኒ አልተሸረፈም። ይህንን የሠራው ባለሙያ ቡና የሚፈላበት ቤት ያደገ ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

አንድ ችግር ግን ከመነሻው ገጠመን። የመኪናው ወለል ከፍ ያለ ስለሆነ እናቴ ጉልበቷን አጥፋ መውጣት አልቻለችም። አከራዩ ብዙ ሳያስብ ከቤቱ አንድ በርጩማ አምጥቶ ከበሩ ሥር አስቀመጠላት፤ አራቱንም ቀን በእርሷ ላይ እየረገጠች ወጣች፣ ወረደች። መፍትሔው ሠርቷል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ መኪና የሚከራዩት አብዛኛውን ጊዜ አረጋውያንን ወይም ሕመምተኛን ይዘው ወደ ፍል ውኃ የሚሄዱ ቤተሰቦች ስለሚሆኑ፣ ከበሩ ጋር የሚታጠፍ ጠንካራ ደረጃና የእጅ መያዣ ቢኖረው የተሻለ ነው።

መኪናው አምስት ሰው እንደሚያስተኛ ተነግሮኝ ነበር። ይህ ትክክል አይደለም። ትልቁ አልጋ ሁለት አዋቂና አንድ ትንሽ ልጅ ይይዛል፤ ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል የተባለው የመሐሉ ወንበር ግን ርዝመቱ ለዘጠኝ ዓመቱ ልጄ የሚበቃ እንጂ ለእኔ የሚሆን አልነበረም። እኔ ሦስቱንም ሌሊት እግሬን አጥፌ አድሬያለሁ። ከአከራዩ ጋር ስትነጋገሩ «ስንት ሰው ያስተኛል» ብላችሁ ከመጠየቅ ይልቅ ሜትር ይዛችሁ ሄዳችሁ ለኩ።

ኪራዩ በቀን 6,500 ብር ነው። ነዳጁ በተከራዩ ነው፤ ለደርሶ መልሱ ወደ 78 ሊትር ናፍጣ ገባ። 8,000 ብር ቀብድ፣ 10,000 ብር ደግሞ ለጉዳት መያዣ ከፈልኩ። የሾፌሩ ውሎ አበል በቀን 800 ብር ሆኖ በእኛ ላይ ነበር። ዋጋው ውድ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ለአምስት ሰው የሦስት ሌሊት መኝታና ከቦታ ቦታ የሚያጓጉዝ ተሽከርካሪ ለየብቻ ቢከፈልባቸው ኖሮ ከዚህ እንደማያንስ አስልቼዋለሁ፤ ስለዚህ በዋጋው ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ በውሉ ላይ ነው። ውሉ አንድ ገጽ ሲሆን፣ ተከራዩ ምን ቢያበላሽ ምን እንደሚከፍል በዝርዝር ይናገራል፤ መኪናው በራሱ ጉድለት መንገድ ላይ ቢቆም ግን ማን እንደሚጠግን፣ የባከነው ቀን ኪራይ እንደሚታሰብ ወይም እንደማይታሰብ፣ ሾፌሩ የት እንደሚያድር አንድም ቃል የለውም። ከመፈረሜ በፊት ይህንን አላስጨመርኩም፤ ማስጨመር ነበረብኝ።

ሰነዱን ግን በጥንቃቄ አይቻለሁ። ሰሌዳው የንግድ ተሽከርካሪዎች የሚይዙት ባለ አረንጓዴ ኮድ 3 ነው፤ የዓመቱ ምርመራ ተደርጎ ቦሎ ተለጥፎበታል፤ የሦስተኛ ወገን መድኑም ጊዜው አላለፈበትም። ነገር ግን ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ላይ መኪናው አሁንም የሕዝብ ማመላለሻ ሚኒባስ ተብሎ ነው የተጻፈው። ወንበር ወጥቶ አልጋና የጋዝ ምድጃ የገባበት መኪና ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱም ሆነ ለመድን ድርጅቱ ለውጡ መነገር አለበት፤ ባይነገር አደጋ የደረሰ ዕለት ካሳ ለመከልከል ምክንያት ሊሆን ይችላል። አከራዩን ስጠይቀው «እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም» አለኝ። መልሱ ለእኔ በቂ አልነበረም።

ጧት 12 ሰዓት ላይ ከፈረንጅ አራዳ ተነሳን። ሰርቦን አልፈን፣ አሰንዳቦን አልፈን፣ የጊልገል ጊቤ ግድብ ውኃ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ ልጆቹ በመስኮት እያዩ፣ እስከ ሰኮሩ ድረስ ጉዞው ሰላም ነበር። ከሰኮሩ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ወንዝ ይወርዳል። ይህንን ቁልቁለት የጅማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከደጋው ተነስቶ አየሩ እየሞቀ፣ ግራር እየበዛ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ እስከ ድልድዩ ድረስ ይወርዳል። ሾፌሩ የሠለጠነ ሰው ነው፤ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ሁለተኛ ማርሽ አውርዶ ሞተሩ እንዲይዝለት አደረገ፤ ፍሬኑንም ረጅም ጊዜ ረግጦ ከመያዝ ይልቅ እየነካ ይለቅ ነበር። እንዲያም ሆኖ ግማሽ ላይ ስንደርስ የተቃጠለ ጎማና የጋለ ብረት የሚመስል ሽታ በኋላ በኩል ገባ። እናቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች። ሾፌሩ ምንም ሳይናገር ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኝ ዳር ይዞ ቆመ፤ ለጎማው ድንጋይ አስደግፎ ወደ እናቴ ዞረ።

«እማማ፣ ትንሽ ይውረዱና ይንፈሱ። ፍሬኑ ግሏል፤ ሳይቀዘቅዝ አንሄድም» አላት።

«ደግ አደረግህ ልጄ፣ እኔ አልቸኩልም» አለችው፤ በርጩማዋም ወረደችላት።

አርባ ደቂቃ ያህል ቆምን። በዚያ ሙቀት ውስጥ ወደ ኋላው ጎማ እጄን ሳስጠጋ ሳልነካው ግለቱ ፊቴ ድረስ ይመጣ ነበር። ሾፌሩ ሁለት ነገር አስረዳኝ። አንደኛው ከአልጋው ሥር ያለው የውኃ ማጠራቀሚያ ሰማንያ ሊትር የሚይዝ ሲሆን ከጅማ ስንነሳ ጢም ብሎ ተሞልቶ ነበር፤ ይህም ሰማንያ ኪሎ ግራም ማለት ነው፤ ከእንጨቱ፣ ከጋዝ ሲሊንደሩና ከእኛ ዕቃ ጋር ተደምሮ ሸክሙ በሙሉ በኋላው አክስል ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ደግሞ የፍሬን ሸራው፣ ማለትም ፍሬን ሲረገጥ እየተፋተገ ጎማውን የሚያቆመው ክፍል፣ እንዳለቀ ለባለመኪናው ከሁለት ሳምንት በፊት ነግሮት ነበር። በሁለተኛው ነገር በጣም አዘንኩ። አንድ ሰው ለሲኒ ማስቀመጫ ይህን ያህል ተጨንቆ፣ ልጆችና አሮጊት ጭኖ ጊቤን የሚወርድ መኪናን የፍሬን ሸራ ለሚቀጥለው ወር እንዴት ያሳድራል? ተሽከርካሪ የቱንም ያህል ቢያምር መጀመሪያ መቆም መቻል አለበት።

ውኃውን ግማሹን ወደ ቦይ ለቀቅነው፤ ፍሬኑ ሲቀዘቅዝም በዝግታ ወርደን ድልድዩን ተሻገርን። ወልቂጤ እንደገባን ጋራዥ ፈልገን ቆምን። መካኒኩ የኋላውን ጎማ ፈትቶ ሸራውን አውጥቶ ሲያሳየኝ በአንዱ በኩል ብረቱ ብረት ሊነካ የቀረው የጥፍር ውፍረት ነበር። አዲስ ሸራ ከነእጅ ዋጋው 4,800 ብር ፈጀ። አከራዩ በስልክ መጀመሪያ «መንገድ ላይ ያለቀ ስለሆነ በእናንተ ነው» ቢልም፣ አሮጌውን ሸራ በፎቶ ስልክለትና ሾፌሩም የነገረውን ሲያስታውሰው ከኪራዩ እንዲታሰብ ተስማማ። ስኮርታውንም (ትርፍ ጎማውን) እዚያው አወረድኩት፤ ጥርሱ ያለቀ ቢሆንም አየር ይይዛል፤ መኪና ማንሻው ክሪክ ግን መዘወሪያ ዘንግ አልነበረውም። ጎማ ቢፈነዳብን ኖሮ ዕቃው እያለ መሥራት አንችልም ነበር። ጅማ ላይ ሳለሁ ስኮርታ መኖሩን አይቼ ረክቼ ነበር፤ አውርዶ መሞከር እንደሚያስፈልግ ግን አላሰብኩም። መካኒኩ እስኪጨርስ ክትፎና ቆጮ በላን፤ ወልቂጤ ላይ ለመቆም ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብናገኝ ደስ ባለኝ።

ወሊሶ የገባነው አሥር ሰዓት ላይ ነው። በንጉሡ ዘመን ጊዮን ትባል የነበረችው ይህች ከተማም የራሷ ፍል ውኃ አላት፤ እኛ ግን ደክሞን ስለነበር አጥርና ጥበቃ ባለው የሆቴል ግቢ ውስጥ ለማቆሚያ ከፍለን አደርን። በየመንገዱ ዳር ማደር የሚያስብ ሰው ካለ እንዳያደርገው እመክራለሁ፤ እኛ አገር ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ተብሎ የተዘጋጀ ውኃና ፍሳሽ ማስወገጃ ያለው ማደሪያ ስላላገኘን፣ በየደረስንበት የሆቴል ግቢ ነው መፍትሔው። ሌሊቱን ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ሊያድር መሆኑን ባወቅሁ ጊዜ ክፍል ያዝኩለት። ቀን ሙሉ የነዳ ሰው እንቅልፉን ካልጠገበ በማግስቱ የአምስት ሰው ነፍስ አደራ ሊሰጠው አይገባም፤ ይህም በውሉ ውስጥ በአከራዩ ወጪ መግባት የሚገባው ጉዳይ ነው።

ወንጪ የጉዞው ውቡ ክፍል ነበር። በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ የመረጣት ይህች ስፍራ፣ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ሐይቅ፣ በሐይቁ ደሴት ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ በዙሪያው እንሰትና ገደል አላት። ልጆቹ በአካባቢው ሰዎች ፈረስ ተቀምጠው ወርደው ተመለሱ። ያደርነው ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ነው፤ የመኪናው ጉድለት ሁለተኛ ጊዜ የታየኝም እዚያ ነው። ብርዱ ሲበረታ የሲሊንደሩ ጋዝ ግፊቱ ቀነሰ፤ ነበልባሉ ሰማያዊ ጭላንጭል ብቻ ሆነ። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምስሩ በሁለት ሰዓትም አልበሰለም። ለወንጪ የሚሄድ ሰው ወሊሶ ላይ የበሰለ ወጥ ይዞ መውጣት ይሻለዋል።

እናቴ በዚህ ጊዜ ከሰል አቀጣጥለን ምድጃውን ወደ ውስጥ እንድናስገባ፣ ቡናም እንድናፈላ፣ ቤቱም እንዲሞቅ አሳብ አቀረበች። እምቢ አልኳት፤ ቅርም አላት። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ በር ተዘግቶ በተኛንበት ቢጤስ ሳንነቃ ሊገድለን ይችላል፤ ይህን ያህል ጠባብ በሆነ መኪና ውስጥ ደግሞ ጊዜ አይፈጅበትም። ቡናውን ውጭ፣ ጋቢ ለብሰን፣ በጨለማ አፈላን። ከጅማ ይዘን የመጣነው ቡና ሽታው ብርዱን ሲያሸንፍ እናቴም ተረታች። ከዚያ በኋላ የሲሊንደሩን ቁም ሳጥን ከፍቼ በባትሪ አየሁት። ግድግዳው በሚገባ የተገጠመ ነው፤ ከታች ግን አንድም ቀዳዳ የለውም። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወደ ውጭ የሚወጣበት የወለል ቀዳዳ ከሌለ አልጋው ሥር ይጠራቀማል። እንጨቱን እንዲያ አጥብቆ መግጠሙ የሙያ ኩራት መሆኑ ይገባኛል፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ክፍተት ነው የሚያስፈልገው። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሲሊንደሩን እየዘጋሁ ውጭ አሳድረው ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አምቦ ገባን። እናቴ አሁንም «ሀገረ ሕይወት» ትላታለች፤ በልጅነቷ የምታውቀው ስሟ ይህ ነው። ከስንቀሌ ምንጭ እየታሸገ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1930 ጀምሮ ወደ ገበያ የሚወጣውን አምቦ ውኃ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ የእኛ ጉዳይ ግን ከፍል ውኃው ነበር። ጅማ ላይ የደም ግፊቷን የሚከታተለው ሐኪም በአንድ ጊዜ ከ15 ደቂቃ በላይ እንዳትቆይ፣ ከመግባቷ በፊትና ከወጣች በኋላ ውኃ እንድትጠጣ መክሯት ነበር፤ ስለዚህ ከሰዓት በፊት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ፣ በማግስቱ ጧት ደግሞ አንድ ጊዜ ገባች።

ይህ መኪና የተከፈለበትን ገንዘብ እንደሚያወጣ ያወቅሁት እዚህ ነው። አምቦ ከዚህ በፊት በሆቴል አርፈን ሄደን እናውቃለን፤ ያኔ እናቴ ከገንዳው ወጥታ በእርጥብ ገላዋ ልብስ መቀየሪያ ስትጠብቅ፣ ከዚያ መኪና ስትጠብቅ፣ ከዚያ ደረጃ ስትወጣ ነፋስ ይመታት ነበር፤ በፍል ውኃው የተፈታው ጉልበቷ ማታ ተመልሶ ይተሳሰር ነበር። አሁን ግን መኪናው ከገንዳው በር በጥቂት እርምጃ ርቀት ቆሟል፤ በፎጣና በጋቢ ጠቅልለን በርጩማዋን ረግጣ ገባች፤ ባለቤቴ መጋረጃውን ዘግታ ደረቅ ልብስ አለበሰቻት፤ አልጋው ላይ ተጋደመች። ከፍል ውኃው ወጥታ ብርድ ልብስ ውስጥ እስክትገባ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ላብ ላብ እያላት ለአንድ ሰዓት ተኛች። ስትነሳ እግሯን ዘረጋች፣ አጠፈች፣ እንደገና ዘረጋች፤ ምንም አልተናገረችም፤ ራሷ በሩን ከፍታ ማንንም ሳትይዝ በርጩማዋ ላይ ወረደች። ሕመሟ ለዘለቄታው ለቀቃት ልል አልችልም፤ ያንን ቀን ግን አይቻለሁ።

ስለ መጸዳጃው በአጭሩ እናገራለሁ፤ ወንበር የተገጠመለት ባልዲ ነው፤ ለሌሊት ለአረጋዊ ይጠቅማል፤ ጧት ጧት በሆቴል መጸዳጃ ማስወገድ የተከራዩ ሥራ ነው፤ ጓንትና በረኪና ይዛችሁ ሂዱ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በፊት ከአምቦ ተነስተን በወሊሶ በኩል ተመለስን። ውኃ ማጠራቀሚያው ባዶ ነበር፤ የጊቤን ዳገትና ቁልቁለት ምንም ሳይሸት አለፍን። ጅማ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። አከራዩ መኪናውን ዙሪያውን ዞሮ አይቶ በግራ በኩል ካለው በር ሥር ላለ ጭረት 1,500 ብር ከመያዣው ሊቀንስ ፈለገ። እኔ መኪናውን በተረከብኩበት ጧት በስልኬ ዙሪያውን ፎቶ አንስቼ ስለነበር ከፍቼ አሳየሁት፤ ጭረቱ ከእኛ በፊትም ነበር። ይቅርታ ጠይቆ ገንዘቡን በሙሉ መለሰልኝ፤ ይህን በማድረጉ አከብረዋለሁ።

ያገኘሁትን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፌ ሰጠሁት፤ የሁሉም ጎማ የፍሬን ሸራ በየጉዞው እንዲታይ፣ ስኮርታው እንዲቀየር፣ የክሪኩ ዘንግ እንዲሟላ፣ በሲሊንደሩ ቁም ሳጥን ወለል ላይ ቀዳዳ እንዲወጣ፣ ሊብሬውና መድኑ አሁን መኪናው በሆነበት ሁኔታ እንዲስተካከል፣ ውሉ ላይ የብልሽት ወጪና የሾፌር ማደሪያ እንዲገባ። ከሳምንት በኋላ ደውሎ ሸራውና ስኮርታው መለወጡን፣ አናጺውም ለቀዳዳው መምጣቱን ነገረኝ። ስለ ሊብሬው «ቀጠሮ ይዣለሁ» ነው ያለኝ። እናቴ ከጥምቀት በኋላ እንደገና መሄድ ትፈልጋለች። እኔም መኪናውን ለማየት ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ቀብዱን የምከፍለው ሸራውን በዓይኔ አይቼ፣ የታረመውን ሊብሬ በእጄ ይዤ ካነበብኩ በኋላ ነው።